ከመንገዱ ማዶ

አባቴ ደብተርና እስክሪብቶ ይሸጥ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ሌላ ደብተር ሻጭ ነበር። ሁለቱ ማለዳ ሱቃቸውን ሲከፍቱ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ አንዱ ዝርዝር ሲያጣ ከሌላው ያስመነዝራል። ደርዘኑን በ18 ብር ገዝተው በ22 ብር ይሸጡ ነበር።

በ1995 ዓ.ም. የመስከረም ገበያ ሲደራ፣ ተማሪነቴ አኩርቶኝ፣ «በ20 ብር ብንሸጥ ገዢው ሁሉ ወደ እኛ ይመጣል» ብዬ መከርሁት። አባቴ ጥቂት ዝም አለና፣ «ልጄ፣ እሱስ ምን ያደርጋል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ቢሆንም ዋጋውን ካርቶን ላይ ጽፌ ሰቀልሁት።

በማግሥቱ ማዶ 19 ተጻፈ። እኛ 18 አልን። እሱ 17 አለ። ጥቅምት ሲገባ ሁለቱም ሱቆች ደብተራቸውን ጨርሰው ነበር፤ ለአከፋፋይ የሚከፍሉት ግን አልነበራቸውም። የማለዳው ሰላምታም ቀረ።

ከዓመታት በኋላ የአባቴን ጥያቄ በመጽሐፍ ውስጥ አገኘሁት። ጆን ቮን ኖይማንና ኦስካር ሞርገንስተርን እ.ኤ.አ. በ1944 ባሳተሙት ሥራ መሠረት የጣሉት የጨዋታ ንድፈ ሐሳብ የሚነሣው ከዚያው ነው፦ ትርፌ የሚወሰነው በእኔ ምርጫ ብቻ ሳይሆን በባላንጣዬም ምርጫ ነው። ዋጋ መስበር ለእያንዳንዳችን ለየብቻ ሲታይ ብልህነት ነው፤ ሁለታችንም ስንሰብር ግን ሁለታችንም እንከስራለን። ይህንንም «የእስረኞች አጣብቂኝ» ይሉታል።

ጨዋታው ሲደጋገም ግን መልኩ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ ሮበርት አክስልሮድ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር የኮምፒውተር ፕሮግራሞችን በዚሁ ጨዋታ አወዳደረ። ያሸነፈው ከሁሉም አጭሩ፣ የአናቶል ራፖፖርት ፕሮግራም ነበር። ቀድሞ አይከዳም፤ ቢከዱት አጸፋውን ይመልሳል፤ ሲመለሱለት ቂም አይዝም። ሁለት እንዲህ ያሉ አንድ ጊዜ ከተካካዱ ግን፣ አንዱ ቀድሞ ይቅር ካላለ አዙሪቱ አያቆምም።

አባቴ ይህን መጽሐፍ አላነበበም። ኅዳር ላይ በዱቤ ጥቂት ደብተር አመጣ። ወደ ማዶ ተሻግሮ አልተማከረም፤ የእኔን ካርቶን አውርዶ 22 ብሎ ጻፈና ተቀመጠ። ሦስት ቀን ማንም አልገዛንም። በአራተኛው ቀን ማዶም 22 ተጻፈ። በአምስተኛው ሰላምታው ተመለሰ።

እኔም ደስ አለኝ። በዚያው ጠዋት ግን አንዲት እናት ከልጇ ጋር መጥታ መንገዱ መካከል ቆመች፤ ግራና ቀኝ ያሉትን ካርቶኖች አነበበች፤ ከዚያም ደርዘኑን ትታ ሦስት ደብተር በነጠላ ገዝታ ሄደች። ያን መጽሐፍ በገለጥሁ ቁጥር የማስበው እሷን ነው። በሠንጠረዡ ውስጥ ቦታ የነበረን ሁለታችን ብቻ ነበርን።