ከዋጋው በፊት

በባንክ መስኮት ስሠራ የብር መቁጠሪያ ማሽንን የማምነው በእጄ የቆጠርሁትን እስር እኩል ሲቆጥርልኝ ነው። የጎደለ ብር ይተካል። አዳሚ ቱሉ ያለው የእህቴ ልጅ ሊገዛው ያሰበው፣ በእጅ የሚታሰረው የጠላቂ ኮምፒውተር ግን የሚቆጥረው ዕድሜን ነው፤ ወደ ሰውነት የሚገባውን ናይትሮጅን አስልቶ ‹‹ይህን ያህል ደቂቃ ቀርቶሃል›› ይላል።

የጥልቀት ንባቡን በየሜትሩ በተቋጠረ ገመድ መፈተን ይቻላል፤ ስሌቱን ግን ዓይን አያየውም። ልጁ የተመኘው የሻላ ሐይቅ ከባሕር ጠለል ከ1,500 ሜትር በላይ ይገኛል። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ፣ ጠላቂው ሲወጣ ናይትሮጅኑ በሰውነቱ ውስጥ አረፋ ለመሆን ይፈጥናል። ለባሕር ጠለል ብቻ የተስተካከለ መሣሪያ ይህን ሳያውቅ ደቂቃ ያበድራል፤ ዕዳውን የሚከፍለው ሰውነት ነው።

እንግዲህ ሻጩን ‹‹ስንት ነው?›› ከማለታችን በፊት ‹‹ከፍታን ያውቃል ወይ?›› እንበለው።