አብሾ አእምሮ ይከፍታል ያላችሁ ማነው?

ጢቾ ያለው የአክስቴ ልጅ የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብበት ደወለልኝ። «ጋሼ፣ አንድ ሰውዬ አብሾ ላዘጋጅልህ አለኝ። አንዴ ያነበቡት አይጠፋም አሉ። ልጠጣው ወይስ ይቅርብኝ?»

ነገሩ አዲስ አልሆነብኝም። የአብሾ ዝና ከቆሎ ተማሪዎች ጀምሮ የወረደ ነው። ሁለት ብርጭቆ ቀምሶ የሚያብድ ሰው ስናይም «አብሾ አለበት» እንላለን። እንደየቀማሚው ብዙ ነገር ቢገባበትም ስሙ የሚነሣው ዕፀ ፋሪስ ነው፤ አስተናግር የሚባለው። የጢቾም የአሰላም ልጆች ታውቁታላችሁ፤ በየአጥሩ ሥርና በየቆሻሻ መጣያው የሚበቅል፣ አበባው ጡሩምባ የመሰለ፣ ፍሬው እሾሃም። በኦሮምኛ አሳንጊራ ነው። ስሙን ልብ በሉልኝ! አስተናግር… የሚያስለፈልፍ ማለት እኮ ነው። የጥንት ሰዎች የመመረዙን ምልክት ስም አድርገው ትተውልናል።

ተክሉ ውስጥ አትሮፒንና ስኮፖላሚን አሉ። ሁለቱም ነርቭ መልእክት የሚያስተላልፍበትን አሴቲልኮሊን የተባለ ኬሚካል ሥራ ያግዳሉ። አፍ ይደርቃል፣ የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ ቆዳ ይግላል፣ ልብ ይጋልባል፣ ሽንት እምቢ ይላል፤ ከዚያ የሌለ ሰው ማናገር ይመጣል። አሁን ጉዱን ስሙ! ይኸው አሴቲልኮሊን ለማስታወስም የሚያስፈልገን ነው። ተመራማሪዎች መርሳትን ለማጥናት ሲፈልጉ ለአይጥም ለሰውም ስኮፖላሚን ሰጥተው ያስረሳሉ። እንግዲህ ለፈተና ብሎ አብሾ የሚጠጣ ተማሪ በገዛ ገንዘቡ የሚገዛው መርሻ ነው።

«ታዲያ አትሮፒን ሐኪም ቤት ይሰጥ የለ?» አለኝ። ልጁ ቀላል አይደለም!

ይሰጣል። አርሲ የስንዴ አገር ነው፤ የፀረ ተባይ ኬሚካል በየቤቱ አለ። ማላታዮንና መሰሎቹ ሰው ሲመርዙ አሴቲልኮሊን ሰውነት ውስጥ ይከማቻል፤ ምራቁ ይዝረበረባል፣ ሳንባው በፈሳሽ ይሞላል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ያን ጊዜ ሐኪሙ አትሮፒን እየወጋ ያደርቅለታል። ያው የሚያደርቀው መርዝ ነፍስ አዳኝ ሆነ! ግን ሐኪሙ በሚሊግራም ለክቶ ነው፤ ልብ ምቱንም ትንፋሹንም እያየ። ሰውዬው ምን ይለካል? ከተክል ተክል የመርዙ መጠን ይለያያል፤ አምና ያላሰከረው ዘንድሮ ሊገድል ይችላል። ኡጋንዳ ውስጥ በ2011 ዓ.ም የእርዳታ ዱቄት ውስጥ የዚሁ ተክል ዘር መርዝ ገብቶ ወደ 300 ሰዎች ታመው 5ቱ ሞተዋል።

ለጥርስ ሕመም ዘሩን ፍም ላይ ጥለው ጭሱን የሚታጠኑም አሉ። ጭሱም መርዙን ይዞ ነው የሚገባው።

ጓደኛችሁ ቀምሶ መለፍለፍ ከጀመረ «ያልፍለታል» ብላችሁ አትተኙ፤ አንድ ሁለት ቀን ሊቆይበት ይችላል። ብቻውን አትተዉት፣ በግድ አታስመልሱት፣ አረቄም አትጨምሩበት። ከቅጠሉ ወይም ከተረፈው መጠጥ ይዛችሁ ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ፤ «አስተናግር ነው» ብላችሁም ንገሯቸው። አፍራችሁ «ወባ መሰለን» ካላችሁ ሐኪሙ ሌላ ሌላውን ሲፈልግ ሰዓቱ ይሄዳል።