ለቤት ውሻ የሚገባ የበዓል ድርሻ

በአገራችን ልማድ በበዓል ቀን ድርሻ የሌለው የቤት ሰው የለም። ዶሮዋ በ12 ብልት ተገንጥላ ፈረሰኛው ለአባወራው ይቀመጣል፤ ለእመቤቲቱም፥ ለልጆችም፥ ለአገልጋዮችም የሚገባቸው ብልት ይታወቃል፤ ለጎረቤትና ለነዳያንም ይታሰባል። በደጅ ተኝቶ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠብቀን ለሚያድረው ውሻ ግን ድርሻ ብለን የምናስብለት የለም። ከሁሉ በኋላ በድስቱ ግርጌ የቀረው መረቅ ከአጥንቱ ጋር ይደፋለታል፤ እኛም ቸርነት እንዳደረግን ቈጥረን ወደ ቤታችን እንገባለን። እኔም ብዙ ዓመት እንዲሁ ሳደርግ ኖርሁ። ቸርነት የመሰለኝ ነገር ጉዳት መሆኑን የተረዳሁት በ2015 ዓ. ም. በትንሣኤ በዓል ነው፤ ነገሩም እንዴት እንደ ሆነ ለአንባቢዎች መግለጽ ይጠቅማል ብዬ ይህን ጻፍሁ።

ውሻችን ዳማ ይባላል፤ ስሙንም ያገኘው ከጠጕሩ መልክ ነው። ገና ቡችላ ሳለ ሽማግሌው ዘበኛችን ከመንገድ ዳር አንሥተው በጋቢያቸው ጠቅልለው አመጡት። እናቴ በቀደመው ሥርዓት ያደጉ ስለ ሆኑ ውሻ የቤቱን ደፍ እንዲያልፍ አይፈቅዱም። ዳማም ይህን ሕግ ዐውቆ አገጩን በደፉ ላይ አሳርፎ ይተኛል እንጂ አንድ እግሩን እንኳ ወደ ውስጥ አያሳልፍም።

በዚያ ዓመት በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ቤተ ሰቡ የሚበላው ሽሮና ምስር ስለ ነበረ የዳማም ምግብ እንጀራ በሽሮ ነበረ። የትንሣኤ ዕለት ግን ከዶሮው ወጥ የተረፈውን መረቅ፥ ቅቤውንና አጥንቱን ጨምሬ በገዛ እጄ በሳሕኑ ሞላሁለት፤ በማግሥቱም ደገምሁለት። እጅግ ደስ ብሎት ስለ በላ እኔም ደስ አለኝ። በሁለተኛው ሌሊት አስመለሰው፤ ከዚያም ምግብ እንቢ አለ፤ በአራተኛው ቀን ከተኛበት መነሣት አቃተው፤ ሽንቱም የቡና መልክ ያዘ።

እዚህ ላይ የማፍርበትን ነገር መናገር ግድ ይሆንብኛል። በሰፈራችን ለውሾች መርዝ የሚጥሉ ሰዎች አሉ ሲባል ሰምቼ ስለ ነበረ ምንም ሳልመረምር ዘበኛውን ጠርቼ ተቈጣሁ። በሩን ክፍት ትተው ውሻውን ወደ ውጭ በመልቀቃቸው መርዝ በልቷል ብዬ በቤተ ሰቡ ሁሉ ፊት ወቀስኋቸው። ሽማግሌው አንድ ቃል ሳይመልሱ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። ከዚያም ያንኑ የቀድሞ ጋቢያቸውን አምጥተው ዳማን ጠቅልለው አቀፉትና አብረን ወደ እንስሳት ሐኪም ሄድን።

ሐኪሙ በመጀመሪያ የጠየቁኝ ውሻው ምን እንደ በላ ነው። እኔም ከራሳችን ማዕድ የተረፈውን መልካም ምግብ ነው እንጂ ክፉ ነገር አልሰጠነውም ብዬ መለስሁ። እሳቸውም የዳማን ከንፈር ገልጠው ድዱ እንደ ወረቀት መንጣቱን አሳዩኝ፤ ደሙንም ከመረመሩ በኋላ በእርጋታ አስረዱኝ። ቀይና ነጭ ሽንኩርት ሰውን የማይጎዳ ሲሆን በውሻ ደም ውስጥ ግን ቀይ የደም ሕዋሳትን እያፈረሰ ያደክመዋል፤ መቀቀልም ሆነ መቍላላት ይህን ጉዳት አያስቀረውም። አንድ ውሻ ከክብደቱ ከመቶ ግማሽ እጅ የሚሆን ሽንኩርት በአንድ ጊዜ ቢበላ ሊታመም ይችላል፤ ይኸውም እንደ ዳማ 20 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ 100 ግራም ብቻ ማለት ነው። ለአንዲት ዶሮ ወጥ አንድ ኪሎ ተኩልና ሁለት ኪሎ ሽንኩርት እንደሚቍላላ የሚያውቅ ሰው በዚያ ሳሕን ውስጥ ምን ያህል እንደ ነበረ ለመገመት አይቸገርም።

ሐኪሙ ይህን ሲናገሩ ዘበኛው ከኋላዬ ቆመው ይሰሙ ነበር። መርዙን የሰጠሁት እኔ ራሴ መሆኔ በእሳቸው ፊት ተገለጠ። በሰው ፊት የወቀሰ ሰው ይቅርታንም በሰው ፊት መጠየቅ ይገባዋልና ወደ ቤት በተመለስን ጊዜ ቤተ ሰቡን ሰብስቤ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም «ጌታዬ፥ አጥንቱን ሲሰጡት አይቼ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሁላችንም አላወቅንም» ብለው ነገሩን ዘጉት። ዳማ በሐኪም ክትትልና በዘበኛው ጥበቃ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተነሥቶ መሮጥ ጀመረ።

ከሐኪሙ የተማርሁትን እዚህ ላይ በአጭሩ አኖራለሁ፤ በበዓል ቤት የሚገኘው ነገር አብዛኛው በዚህ ውስጥ ይገባልና። የተቀቀለ አጥንት፥ ይልቁንም የዶሮ አጥንት፥ ሲታኘክ እንደ እሾህ ተሰንጥቆ ጕሮሮንና አንጀትን ይወጋል። ብዙ ቅቤና ጮማ፥ በተለይም ከረዥም ጾም በኋላ በድንገት ሲሰጥ፥ ቆሽትን ያሳብጣል። ለድፎ ዳቦ የተቦካ ጥሬ ሊጥ በውሻ ሆድ ውስጥ እየኮፈሰ ሆዱን ይነፋል፤ አልኮልም ያፈራል። ጠላና ጠጅ፥ አተላውም ጭምር፥ ለውሻ አይሰጥም። ቡናና ቸኮላታ ልቡን ያውካሉ፤ ዘቢብና ወይን ኩላሊቱን ሊያጠፉ ይችላሉ። ከውጭ አገር የሚመጣው፥ ስኳር የለበትም የሚባለው ማስቲካና ከረሜላ ብዙ ጊዜ ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ አለበት፤ ይህም በውሻ ደም ያለውን ስኳር በድንገት አውርዶ ሊገድለው ይችላል።

የልደት በዓል ሲቃረብ ትምህርት ቤት የምትሄደው ልጄ «ታዲያ ዳማ በዓልን ምን በልቶ ይዋል?» ስትል ጠየቀች። ለውሻ ብቻ የሚሆን ደረቅ ብስኩት መሥራት አዲስ ነገር አይደለም፤ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጄምስ ስፕራት የተባለ አሜሪካዊ በሎንዶን ከተማ ከስንዴ ዱቄት፥ ከአትክልትና ከሥጋ የተሠራ የውሻ ብስኩት መሸጥ ጀምሮ ነበር። እኛም ከቤታችን በሚገኘው እህል እንሥራለት ብለን ተስማማን።

እናቴ ግን ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። «ለሰው ልጅ እንጀራ ባነሰበት ዘመን ለውሻ ዳቦ መጋገር ነውር አይደለምን? ደግሞስ ጾም ሳይፈታ? በነነዌ እንስሳት እንኳ ከሰው ጋር ጾመዋል» አሉ። ልጄም «እማማ፥ እነዚያ የጾሙት ሦስት ቀን ነው፤ ዳማ ግን 55 ቀን ጾሞ ነው የታመመው» ብላ መለሰች። እናቴ ሣቃቸውን መያዝ አልቻሉም፤ የመጀመሪያው ነገራቸው ግን በሣቅ የሚታለፍ አልነበረም። እኔም ሒሳቡን በፊታቸው ቈጠርሁ፤ ለውሻው የሚያስፈልገው ጥቂት የገብስ ዱቄት፥ ቍራጭ ዱባ፥ አንድ እንቍላልና ትንሽ ጉበት ነው፤ በትንሣኤ ዕለት በሳሕኑ ያፈሰስሁት ቅቤ ብቻ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። እናቴ ጥቂት ካሰቡ በኋላ ፈረዱ፤ በመጀመሪያ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለሚቀመጡት ነዳያን የሚሄደው መሶብ እንዲሞላ፥ ከዚያ በኋላ የውሻው እንዲጋገር አዘዙ። ይህም ፍርድ እስከ ዛሬ በቤታችን የጸና ነው።

የአሠራሩም ሥርዓት እንደሚከተለው ነው። 150 ግራም የበሬ ወይም የበግ ጉበት ያለ ጨው ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀቅሎ ሲበርድ በደቃቁ ይከተፋል። 250 ግራም የተላጠ ዱባ እንዲሁ ያለ ጨው ተቀቅሎ፥ ውሃው ተጠንፍፎ ይድቀቃል። ሁለቱን ከአንድ እንቍላልና ከ400 ግራም የገብስ ዱቄት ጋር ደባልቆ ማሸት ነው፤ ሊጡ ቢደርቅ የጉበቱን መቀቀያ ውሃ በማንኪያ ጠብ ማድረግ፥ ቢላላም ዱቄት መጨመር ይቻላል። ጨው፥ ስኳር፥ ቅቤ፥ በርበሬና እርሾ ፈጽሞ አይገቡበትም። ከዚያ ሊጡን ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል አሳስቶ መዳመጥና የአውራ ጣት ስፋት እያደረጉ መቍረጥ ነው። ልጄ ጥቂቱን በገና ዱላ ቅርጽ ጫፉን ቈልምማ ሠራችው።

የጋዝ ወይም የኤሌክትሪክ ምድጃ ያለው ሰው በ175 ዲግሪ ሙቀት 30 ደቂቃ ያህል ይጋግረዋል፤ እሳቱ ከጠፋ በኋላም እዚያው ትቶ ቢያደርቀው ይበልጥ ይጠነክራል። እኛ ግን በመጀመሪያው ጊዜ በምጣድ ላይ በለሰለሰ እሳት፥ አከንባሎ ደፍተን፥ እያገላበጥን ጋገርነው፤ አልከፋም። ጉበት ስላለበት በማቀዝቀዣ ውስጥ ሆኖ ከአንድ ሳምንት በላይ ባይቈይ ይሻላል። አሰጣጡም በልክ መሆን አለበት፤ እንዲህ ያለው መክሰስ ሁሉ ተደምሮ ከውሻው የዕለት ምግብ ከአሥር እጅ አንዱን ማለፍ አይገባውም። ጉበትም ቢበዛ ይጎዳልና የበዓል እንጂ የዘወትር ምግብ አይደረግም።

ስለ ጉበት ካነሣሁ ከውሻው ይልቅ ለራሳችን የሚያስፈራውን ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በበዓል በየግቢው በግና በሬ ሲታረድ ሳንባው ወይም ጉበቱ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ይዞ የተገኘ እንደ ሆነ ለሰው አይሆንም ተብሎ ለውሻ ይጣላል። ይህ ከረጢት ኤኪኖኮከስ የሚባል ትል ልጆች መኖሪያ ነው። ውሻው ጥሬውን ሲበላ ትሉ በአንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ ርዝመቱ ከአንድ ሳንቲ ሜትር በታች ስለ ሆነ በዓይን አይስተዋልም፤ ውሻውም የታመመ አይመስልም። እንቍላሉ ግን ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ በሣሩ፥ በአፈሩና በውሻው ጠጕር ላይ ይቀራል። ከብት በሣር ይበላዋል፤ ልጆቻችንም ውሻውን ዳስሰው እጃቸውን ሳይታጠቡ ቢበሉ ወደ ሆዳቸው ይገባል። ያን ጊዜ ያው ከረጢት በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ለብዙ ዓመት ሳይታወቅ ያድግና ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ካልሆነ አይወጣም።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ከረጢት የተገኘበትን ብልት ውሻ ቆፍሮ ሊያወጣው እንዳይችል በጥልቅ መቅበር ወይም ማቃጠል ያስፈልጋል፤ ደህና የሚመስለውንም ቢሆን ሳይቀቅሉ አለመስጠት ይገባል። የትል መድኃኒቱን የእንስሳት ሐኪም በጊዜው ይሰጣል። በእኛ ቤት ጕድጓዱን ከበዓሉ ዋዜማ ጀምሮ የሚያዘጋጁት ዘበኛው ናቸው፤ በግ ሲታረድም የሆድ ዕቃውን የሚመረምሩት እሳቸው ናቸው። የጎረቤት አራጆችም ከእሳቸው አይተው በየግቢያቸው መቈፈር ጀምረዋል።

በ2016 ዓ. ም. የልደት ዕለት እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ዳማ እንደ ልማዱ አገጩን በደፉ ላይ አድርጎ ተኝቶ ነበር። ልጄ ብስኩቱን በትንሽ ሳሕን አምጥታ የመጀመሪያውን ለዘበኛው ሰጠቻቸው፤ እሳቸውም ለዳማ ሰጡት። ውሻው አሽትቶ ተቀበለና ጥግ ይዞ ሲያደቅቀው ድምፁ እስከ ሳሎን ተሰማ። ሁለተኛውን እኔ ሰጠሁት። እናቴ ነጠላቸውን ሳያወልቁ ቆመው ሲመለከቱ ቆዩ፤ ከዚያም በገና ዱላ ቅርጽ የተሠራውን አንዱን አንሥተው ጐንበስ ብለው ከደፉ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ሳያደርጉ በደፉ እንጨት ላይ አኖሩለት። ዳማ አንገቱን ብቻ አስግጎ ወሰደው፤ እግሩ ከውጭ እንደ ነበረ ነው።

አንባቢዎች ሆይ፤ በሚመጣው በዓል ድስቱን ለመጥረግ ብለን መረቁንና አጥንቱን ለውሻችን ከመድፋታችን በፊት ከዚያ ቀደም ብሎ በነበረው ቀን አንዲት ጭብጥ የገብስ ዱቄት ብናስቀምጥለት ድካሙ ጥቂት ነው። ቢታመምብንም በሰው ላይ ከመቈጣታችን በፊት ሳሕኑን እንመልከት።