«እስኪ ተራመድ» ያልተባለ ሕመምተኛ፦ ትዝብት ከትየርኪዲ

ወባው ተገኘ

ጋምቤላ ውስጥ ራሱን አሞት ያስመለሰው ሰው ከጤና ጣቢያው ደጃፍ ሳይደርስ በሽታው ስም ወጥቶለታል፦ ወባ ነው። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ጣቱን ተወግቶ በፈጣን መመርመሪያው ላይ ሁለተኛዋ መስመር ብቅ ስትል ግን ሌላው ጥያቄ ሁሉ ይቆማል። ወባ በበዛበት አገር ተውሳኩን በደሙ ይዞ በሌላ በሽታ የሚታመም ሞልቷል። መስመሯ ወባ መኖሩን ትናገር እንደሆነ እንጂ ሰውየው መቆም ያቃተው በወባ መሆኑን አትናገርም። ትናንት ማታ ከብቱን ሲያስገባ የነበረ ጎልማሳ ዛሬ የወባ መድኃኒቱን ኮአርተምን ይዞ፣ ግራና ቀኝ በሁለት ሰው ተደግፎ ሲወጣ፣ የሚነበበው ወረቀቱ ነው፤ ደጋፊዎቹን የሚቆጥር የለም።

ለሌላ በሽታ የተሠራ ቤት

የትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ የተከፈተው በ2006 ዓ.ም.፣ የእርስ በርስ ጦርነት ደቡብ ሱዳንን ባመሰበት ዓመት ነው። በኢታንግ ልዩ ወረዳ፣ ከኩሌ መጠለያ ጎረቤት። ያኔ የተፈራው ኩፍኝ፣ ኮሌራና የምግብ እጥረት ነበር፤ ከዓመት ሳይርቅም ሄፓታይተስ ኢ በመጠለያዎቹ ውስጥ ገባ። የመድኃኒት መደርደሪያውም፣ የሠራተኛው ሥልጠናም፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ሥዕልም ለእነዚህ የተሰናዳ ነው። ያንን ጎልማሳ በአንድ ሌሊት ሊጥለው የሚችለው ስትሮክ ግን፣ ነዋሪው አብዛኛው ሴትና ሕፃን ስለሆነ፣ የሌላ አገር፣ የሌላ ሰው በሽታ ይመስላል። ዕድሜ ግን መጠለያ ውስጥም ይሄዳል። ድንበሩን ሲሻገር በአርባዎቹ መጨረሻ የነበረ ሰው ዛሬ ስድሳን ተጠግቷል፤ የደም ግፊቱም አብሮት አድጓል። ወጣቱም ቢሆን ነፃ አይደለም፤ በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሰበብ የልብ በሩ የተበላሸ የሃያ አምስት ዓመት ሰው ከልቡ የተነሣ የደም ጓል የአንጎሉን ቧንቧ ሊዘጋበት ይችላል።

ስድስቱ መስመሮች

ስለ ስትሮክ የሚሰጠው ትምህርት ሦስት ነገር ያስይዛል፦ ፊት ተጣመመ ወይ? ክንድ ዛለ ወይ? ንግግር ተሳሰረ ወይ? አንድ የኑዌር አዛውንት አልጋ ላይ ተጋድመዋል እንበል። ወጣቱ ነርስ ግንባራቸው ላይ ያሉትን፣ «ጋር» የሚባሉትን ስድስት የባህል ጠባሳ መስመሮች በዓይኑ ይከተላል። ከጆሮ እስከ ጆሮ የተሰመሩት ጠባሳዎች አልተዛነፉም፤ «ፊቱ ደህና ነው» ብሎ ይጽፋል። ሁለት ጊዜ ስቷል። አንደኛ፣ በተለመደው ስትሮክም ቢሆን ግንባር ብዙውን ጊዜ አይነካም፤ የሚወርደው የአፍ ጥግ ነው። ሁለተኛ፣ ሚዛንን የሚጠብቀው የአንጎል ክፍል፣ የትንሹ አንጎል፣ ስትሮክ ግንባሩንም አፉንም ሳይነካ ሊመጣ ይችላል። አዛውንቱ እጃቸውን ያነሣሉ፣ የነርሱን ጣት ይጨብጣሉ፣ ስማቸውንም ይናገራሉ። ያልተጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከአልጋው ወርደው እንዲቆሙ።

ይህን ክፍተት ያዩ ሰዎች በሦስቱ ጥያቄዎች ላይ ሁለት ጨምረዋል፦ ሚዛን በድንገት ጠፋ ወይ? ዓይን በድንገት ደበዘዘ ወይም አንዱን ሁለት አድርጎ አየ ወይ? ሁለቱ ግን ገና በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ አልወጡም።

ዜሮ ያገኘው

ትልልቅ ሆስፒታሎችም ከዚህ አላመለጡም። ዓለም በስፋት የሚጠቀምበት የስትሮክ መመዘኛ ቅጽ 42 ነጥብ አለው። ክንድ ሲዝል፣ እግር ሲከብድ፣ ዓይን ወደ አንድ ወገን ሲሳብ ነጥብ ይያዛል። አካሄድ ግን ከነጥቡ ውስጥ የለም። ስለዚህ አንድ እርምጃ መራመድ የማይችል ሰው በዚያ ቅጽ ዜሮ አግኝቶ «ስትሮክ የለበትም» ሊባል ይችላል። ዘመናዊው ወረቀትና የገጠሩ ጤና ኬላ የተስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር ሕመምተኛን ተኝቶ እንዳለ መመርመር ነው።

«ጠጥቶ ነው»

ትንሹ አንጎል ከማጅራት በላይ፣ ከራስ ቅል በስተኋላ የተቀመጠ ነው። በመጠን የአንጎልን አንድ አሥረኛ ያህል ቢሆን ነው፤ ነገር ግን ከሰው 86 ቢሊዮን ያህል የአንጎል ነርቭ ሴሎች 69 ቢሊዮን ያህሉ እሱ ውስጥ ናቸው። አልኮልም ቶሎ የሚያጠቃው ይህን ክፍል ነው። የሰከረ ሰው እግሩን አራርቆ የሚሄደው፣ ቃሉ የሚጎተተው፣ መጨበጫውን የሚስተው ትንሹ አንጎሉ ሰክሮ ነው። ስለዚህ በዚህ ስትሮክ የተመታ ሰው የሰከረ መምሰሉ አይቀርም። ኢታንግ ገበያ ዳር የወደቀ ወንድ ላይ መንገደኛው ይስቃል፣ ዘበኛው ይቆጣል፣ አንዳንዱም «ይተኛና ይለቀዋል» ይላል። ሴት ስትሆን ደግሞ «እርግዝና ይሆናል» ይባላል። ከተማ ላይ ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ የሚታሽለትም አለ። ሁሉም መልስ አለው። ትንፋሹን ያሸተተ ግን ብዙም የለም።

አግዳሚው ወንበር

ምርመራው ማሽን አይፈልግም። ሕመምተኛውን መደገፊያ የሌለው አግዳሚ ላይ አስቀምጡት፤ እጆቹን ደረቱ ላይ ያጣምር። ጤነኛ ሰው ይህን ሳያስብበት ያደርገዋል። የጆሮ ውስጥ ሕመም ያለበትም እያቅለሸለሸውና እያማረረ ይቀመጣል፤ ሲነሣ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል እንጂ ይራመዳል። ትንሹ አንጎሉ የተመታው ግን ገና እጁን ሲያጣምር ግንዱ ይወዛወዛል፣ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል፣ መዳፉን ፈትቶ የወንበሩን ጠርዝ ይይዛል። ያ እጅ ጠርዙን የያዘበት ቅጽበት ከብዙ ላቦራቶሪ ይበልጣል።

ከዚያ «አፍንጫህን ንካ፣ ጣቴን ንካ» ይባላል። ጣቱ ሲነሣ ደህና ነው፤ ወደ ዒላማው ሲቃረብ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ያልፈዋል፣ ተመልሶ ይፈልገዋል። ጉልበቱ አልደከመም፤ የጠፋው ልኩ ነው።

የጦርነት ትምህርት

ትንሹ አንጎል ምን እንደሚሠራ በቅርብ የታየው በጦር ሜዳ ነው። አየርላንዳዊው የነርቭ ሐኪም ጎርደን ሆምስ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማጅራታቸውን በጥይትና በፍንጣሪ የቆሰሉ ወታደሮችን መረመረና ያየውን በ1917 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ካስተዋለው አንዱ ዛሬም አልጋ ዳር ያገለግላል፦ ቀኙ ሲጎዳ የሚሳሳተው የቀኝ እጅ ነው። በሌላው የአንጎል ክፍል ጉዳቱና ድካሙ ይሻገራሉ፤ እዚህ አይሻገሩም። ሆምስ ሲቲ ስካን አልነበረውም። የነበረው ዓይኑና ሕመምተኛውን የማስቀመጥና የማስነሣት ትዕግሥት ነው።

ደህና መሆኑ የሚያስደነግጥ ምርመራ

በሕክምና ውስጥ «ጤናማ» የሚለው ውጤት የሚያስፈራበት ቦታ ጥቂት ነው፤ አንዱ ይኸኛው ነው። ማዞሩ ሳያቋርጥ ለሰዓታት የቆየበትና ዓይኑ የሚርገበገብ ሰው፣ አንገቱ ካልተጎዳ፣ የመርማሪውን አፍንጫ ትኩር ብሎ ያያል። መርማሪው ጭንቅላቱን ከግራና ከቀኝ ይዞ በትንሹ፣ ግን በፍጥነት ዘወር ያደርገዋል። የጆሮው ነርቭ ከታመመ ዓይኑ ከጭንቅላቱ ጋር ይሄድና ዘልሎ ወደ አፍንጫው ይመለሳል። ዓይኑ ካልሄደ፣ አፍንጫው ላይ እንደተተከለ ከቀረ፣ ጆሮው ደህና ነው፤ እንግዲያው ማዞሩ የመጣው ከአንጎል ሊሆን ይችላል። የዓይኑ መርገብገብ ወደ ቀኝ ሲያይ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ሲያይ ወደ ግራ አቅጣጫውን ከቀየረ፣ ወይም አንዱን ዓይን ሸፍኖ ሲገልጡት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ከተስተካከለ ጥርጣሬው ይጸናል። ከሦስቱ አንዱ ይበቃል።

በ2009 እ.ኤ.አ. በ101 ሕሙማን ላይ የወጣ ጥናት፣ በሠለጠነ እጅ የተደረገው ይህ የአልጋ ዳር ምርመራ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከኤምአርአይ ይልቅ ስትሮኩን እንደያዘ አሳየ። «በሠለጠነ እጅ» የሚለው አይዘለል። ሥልጠናው ግን ከማሽኑ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

መቼ ጀመረ?

«እንዴት ነው የሚያዞርህ?» ብሎ መድከም ትርፍ የለውም። በአሜሪካ ድንገተኛ ክፍሎች ውስጥ የማዞር ሕሙማንን ይህን ጠይቀው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደግመው ሲጠይቋቸው ከግማሽ የሚበልጡት መልሳቸውን ቀይረዋል፤ ያውም በገዛ ቋንቋቸው። በአስተርጓሚ ለሚመረመር የትየርኪዲ ሰው ይህ ጥያቄ ከዚያም ይብሳል። በአስተርጓሚም በኩል ሳይበላሹ የሚደርሱ ጥያቄዎች አሉ፦ በድንገት ነው ወይስ ቀስ በቀስ? ስትገላበጥ ብቻ መጥቶ ከደቂቃ በታች ይቆያል ወይስ ሳትንቀሳቀስም አለ? ከባድ ራስ ምታት አብሮት መጣ? አንድ ጆሮ በዚያው ሰዓት ደነቆረ? የጆሮው መደንቆር ብዙ ሰው ከጆሮ ሕመም ጋር ብቻ ያያይዘዋል፤ ከትንሹ አንጎል ቧንቧዎች አንዱ ግን ለውስጠኛው ጆሮም ደም ያቀብላል።

የተጣደፉ እጆች

ለሚያስመልሰው ሰው ፕላሲል ይወጋል፣ ግሉኮስ ይንጠለጠላል፣ ወገኑም ይረጋጋል። ማስመለሱ ሲቆም በሽታው የቆመ ይመስላል። ግፊቱ 200 ሆኖ ሲገኝ ደግሞ ወዲያው ለማውረድ ይሯሯጣሉ፤ ቧንቧው ለተዘጋበት አንጎል ግን ግፊትን በድንገት መጣል የቀረችውንም ደም መንሣት ነው። አስፒሪንም ለልብ እንደሚሰጠው ሁሉ ለመስጠት ይታሰባል፤ የፈሰሰ ደም ካለ ይጎዳል፤ መፍሰሱን ሳያዩ መስጠት ቁማር ነው። ውኃ በብርጭቆ የሚያጠጣው አስታማሚም ከፍቅሩ ብዛት ነው፤ መዋጥ ያቃተው ሰው ውኃው ወደ ሳንባው ይሄድበታል።

በዚህ ሁሉ ጥድፊያ መካከል ሁለት ርካሽ ነገር ይረሳል። አንዱ የደም ስኳር መለካት ነው፤ የወረደ ስኳር ስትሮክን አስመስሎ ይመጣል። ሁለተኛው ቫይታሚን ቢ 1 ነው። ለሳምንታት ስታስመልስ የከረመች ነፍሰ ጡር ወይም ምግብ ያጣ ሰው መራመድ ሲያቅተው፣ ዓይኑ ሲርገበገብና ሲቃዥ፣ የጎደለው ይህ ቫይታሚን ሊሆን ይችላል። በጊዜ ከተሰጠ ያድናል፤ ከዘገየ ጉዳቱ ቋሚ ይሆናል።

ንጹሕ ሥዕል

ከጋምቤላ ሜዳ ተነሥቶ የቡሬን ዳገት ወጥቶ፣ ጎሬና መቱን አልፎ ወደ ጅማ የደረሰ ሕመምተኛ ሲቲ ስካን ይነሣል። ውጤቱ «ምንም የለም» ሲል ቤተሰቡ እፎይ ይላል። ሲቲ ስካን የፈሰሰ ደምን ወዲያው ያሳያል፤ በዚያ ይመሰገናል። በተዘጋ ቧንቧ የተመታውን ትንሹን አንጎል ግን በመጀመሪያው ቀን ብዙ ጊዜ አያሳይም፤ በዙሪያው ያለው ወፍራም አጥንት ሥዕሉን ያበላሸዋል። ኤምአርአይም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚስትበት ጊዜ አለ። ንጹሕ ሥዕል መቀመጥ ያቃተውን ሰው አያስቀምጠውም። ሥዕሉና ሰውየው ሲጣሉ መታመን ያለበት ሰውየው ነው።

ሦስተኛው ቀን

የዚህ ስትሮክ ተንኮል ሁለተኛ ምዕራፍ ያለው መሆኑ ነው። የተመታው ክፍል ያብጣል፤ እብጠቱ ብዙ ጊዜ የሚከፋው በሦስተኛው ቀን ገደማ ነው። ትንሹ አንጎል ያለበት ጓዳ ጠባብ ነው፤ ከፊቱ ትንፋሽንና ንቃትን የሚመራው የአንጎል ግንድ አለ፤ በመካከላቸው የአንጎል ፈሳሽ የሚያልፍበት ቦይ አለ። እብጠቱ ቦዩን ሲዘጋ ፈሳሹ ይጠራቀማል፣ ግንዱም ይጨፈለቃል። ትናንት ሲያወራ የነበረው ሰው ዛሬ እንቅልፍ አበዛ ይባላል። ቤተሰቡ «ተመስገን፣ ዕረፍት አገኘ» ይላል፤ ያ እንቅልፍ ዕረፍት አይደለም። ፈሳሹን የሚያወጣ ወይም አጥንቱን ከፍቶ ቦታ የሚሰጥ ቀዶ ሕክምና በዚህ ሰዓት ሕይወት ያተርፋል፤ ከተረፉትም ብዙዎቹ መልሰው ይራመዳሉ።

አዲስ አበባ ላለ ሰው ሦስት ቀን በቂ ጊዜ ነው። ትየርኪዲ ላለው ግን የመጀመሪያው ቀን በወባ መድኃኒት፣ ሁለተኛው መኪና በመጠበቅ ያልቃል፤ በመሸ ጊዜ መንገዱ አይኬድም፤ ግጭት ሲነሣም ቀኑም ይዘጋል። ስለዚህ እዚህ «እስኪ ነገ እንየው» የሚለው ቃል ከሌላው ቦታ ይልቅ ውድ ነው።

የሪፈር ወረቀት

«ራስ ማዞርና ማስመለስ፣ ለተሻለ ምርመራ» ተብሎ የተጻፈለት ሕመምተኛ ተቀባዩ ሆስፒታል ደርሶ ተራ ይይዛል። ተቀባዩ ሐኪም አይፈረድበትም፤ በዚያ ቀን ራሱን ያዞረው ሰው ብዙ ነው። «ሰኞ ከንጋቱ 12 ሰዓት በድንገት፤ ክንድና እግር ጉልበት አላቸው፤ ያለ ድጋፍ መቀመጥ አይችልም፤ ቀኝ እጁ ዒላማ ይስታል፤ የደም ስኳር ተለክቶ ደህና ነው» ተብሎ የተጻፈለት ግን አልጋ ያገኛል፣ ንቃቱም በየሰዓቱ ይታያል። የሁለቱ ወረቀቶች ልዩነት ሦስት መስመር ነው። ለመጻፍ የሚያስፈልገው ሰዓት የሚያውቅ አስታማሚ፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና «እስኪ ተነሥተህ ተራመድ» ብሎ ለመያዝ እጁን ዘርግቶ የሚቆም ባለሙያ ነው። ትየርኪዲ ውስጥ ሦስቱም አሉ።