እራት ያስጠበቅኳት እህቴ

እህቴ ሥጋውን ከወጡ እየለየች ወደ ትሪው ዳር ስትገፋ ያየኋት በፋሲካ ማግስት ነው። 55 ቀን የጾመ ሆድ ቶሎ አይለምድም ብዬ ዝም አልኩ። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ፤ እንጀራውንም በውሃ እያወራረደች መዋጥ ጀመረች። ምን ሆንሽ ስላት ጣቷን ደረቷ መሃል ላይ አድርጋ፣ «ወንድም ጋሼ፣ እዚህ ጋ ይቆምብኛል» አለችኝ። እኔም፣ «ጨጓራ ነው፤ እንክብሉን አቋርጠሽ ይሆናል» አልኳት።

እንክብሉን የሰጠኋት እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈውም ለዚሁ ነው።

እኔ ራሴ ከቃር ጋር ከ20 ዓመት በላይ ኖሬያለሁ። ከሥራ የምገባው ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እንደገባሁ ቁሌቱ የበዛበትን ወጥ እስክጠግብ እበላ፣ ቡና እደግም ነበር፤ ከዚያ አልጋ። እኩለ ሌሊት ላይ ጎምዛዛ ውሃ ጉሮሮዬ ድረስ እየመጣ ይቀሰቅሰኛል። ወተትም ተልባም ሞክሬያለሁ፤ ለጊዜው ያበርዱታል፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመልሶ ይመጣል። በኋላ አንድ ወዳጄ ኦሜፕራዞል የሚባለውን እንክብል ነገረኝና ያለ ሐኪም ማዘዣ ገዛሁ። በጥቂት ቀን ውስጥ ቃሩ ለቀቀኝ። የፈለግሁትን በፈለግሁት ሰዓት ለመብላት ፈቃድ ያገኘሁ መሰለኝ፤ ከአኗኗሬ አንዲት ነገር አልለወጥኩም።

እናታችን ስታርፍ እህቴ 11 ዓመቷ ነበር፤ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። አድጋ ሥራ ይዛም ከእኔ በፊት እራት አትቀምስም ነበር። 11 ሰዓት ላይ ቤት ትገባለች፤ ረሃቧን በባዶ ሆድ ቡና እያታለለች እኔን ትጠብቃለች። በሬን ስከፍት ትሪው ቀርቦ፣ እሷ አጠገቡ ቁጭ ብላ አገኛታለሁ። ደስ ይለኝ ነበር። አክብሮት ነው ብዬ ተቀበልኩት፤ «ብዪ፣ አትጠብቂኝ» ማለት ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። አብረን በልተን ወዲያው እንተኛለን። የእኔ ቃር ወደ እሷ የዞረው እንዲህ ነው።

ማቃጠሉ ሲጀምራት «ሐኪም ቤት ሄጄ ልታይ?» ብላ ጠይቃኛለች። «እነሱም የሚያዝልሽ ይህንኑ ነው» ብዬ ከራሴ ብልቃጥ ቆጥሬ ሰጠኋት። ሲያቃጥልሽ ዋጪ አልኳት። አራት ዓመት እንደዚህ ሄደ።

ሐኪም ዘንድ የወሰደቻት የሥራ ባልደረባዋ ናት። በኢንዶስኮፒ ሲያዩት የምግብ ቧንቧዋ የታችኛው ጫፍ ቆስሎ፣ ቁስሉ ጠባሳ ሠርቶ፣ ጠባሳው መተላለፊያውን አጥብቦት ተገኘ። ካንሰር እንዳይሆን ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ በነበሩት ቀናት እኔ እራት መብላት አልቻልኩም። እሷ ታጽናናኝ ነበር። ውጤቱ ደህና ሆነ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ሐኪሟ ነገሩን በወረቀት ላይ ሥላ አስረዳችን። በምግብ ቧንቧና በጨጓራ መካከል እንደ ከረጢት አፍ የሚጠብቅ ጡንቻ አለ። እሱ ሲላላ አሲዱ ወደ ላይ ይመለሳል። ጨጓራ የራሱን አሲድ የሚችልበት ሽፋን አለው፤ ቧንቧው ግን የለውም። ሆድ ሞልቶ የተኛ ሰው ደግሞ አሲዱ ዳገት መውጣት ሳያስፈልገው እንዲመለስ አግዞታል ማለት ነው። መድኃኒቱ የሚመነጨውን አሲድ ይቀንሳል እንጂ የላላውን በር አይዘጋውም። እሱም ቢሆን በደንብ የሚሠራው ከምግብ በፊት፣ ብዙ ጊዜ ከቁርስ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ሲዋጥ ነው። እህቴ ግን አራት ዓመት ሙሉ ማታ ከእራት በኋላ ነበር የምትውጠው። ሐኪሟ «ማን ነው እንዲህ ያለሽ?» ስትላት እህቴ ዝም አለች፤ እኔ ነኝ አልኩ።

ዛሬም ኦሜፕራዞል ትወስዳለች፤ ታዞላት፣ በሰዓቱ። የጠበበውን ቧንቧ በፊኛ ሁለት ጊዜ አስፍተውላታል። እራት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ትበላለች፤ እስክትተኛ ሦስት ሰዓት ያህል ታገኛለች። እኔ ምሳ ዕቃ ይዤ እዚያው ሥራ ቦታ እበላለሁ። ድሮ ራሷን ከፍ ላድርግላት ብዬ ሁለት ትራስ እደራርብላት ነበር። ትራስ መደራረብ ወገብን አጥፎ ሆድን እንደሚጫን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። አሁን ከአልጋዋ ራስጌ እግሮች ሥር 20 ሳንቲ ሜትር የሚሆን እንጨት አስገብቼበታለሁ፤ በግራ ጎኗም መተኛት ለምዳለች። ጠበቅ አድርጋ የምታስረውን መቀነት አላልታለች። በርበሬውን ሁሉ ልንጥል ነበር፤ ሐኪሟ ግን የሚያስነሳው ነገር ከሰው ሰው ይለያያልና መዝግቢ አለቻት። መዝግባ ስታየው የእሷ ጠላት የባዶ ሆድ ቡናና ዘይቱ የበዛ ቁሌት ሆኖ ተገኘ። ለስለስ ያለ ሽሮ አይነካትም።

እባካችሁ፣ ቤታችሁ ውስጥ ምግብ የሚቆምበት፣ ሳይፈልግ የሚከሳ፣ ደም የሚያስታውከው ወይም ሰገራው የጠቆረ ሰው ካለ ከራሳችሁ መድኃኒት አታካፍሉት፤ ሳታድሩ ለሐኪም አሳዩት። የደረት ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ወይም ላብ የሚያመጣ ከሆነ ደግሞ ልብ ሊሆን ይችላል፤ ቃር ነው ብላችሁ አትጠብቁ።

እህቴን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። «አላወቅክም እኮ፣ ወንድም ጋሼ» አለችኝ። እውነት ነው፣ አላውቅም ነበር። ግን ሐኪም ቤት ሄጄ ልታይ ብላ ጠይቃኝ ነበር፤ እኔም እንደሚያውቅ ሰው ሆኜ ከለከልኳት።