ከግጭት የተረፈችውን ጥገና ገደላት

አጎቴ የዚያች መኪና ነገር በተነሣ ቁጥር «አደጋ በላት» ይላል። አደጋማ አልበላትም። አደጋው የግራ ፓራፋንጎዋን አጠፈ፣ አንድ መብራት ሰበረ፣ ፓራውልቷን አጣመመ፤ በቃ። ራዲያተሯ እንኳ አልፈሰሰም፤ ራሱ እየነዳ ነው ቤቱ ያስገባት። የበላናት እኛው ነን፣ ያውም ብር ከፍለን።

ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር ነበረች፤ ከላይ ክፍት፣ ሸራዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ። ፊያት ይህችን መኪና መጀመሪያ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1966 በቱሪን የመኪና ትርዒት ላይ ሲሆን ቅርጿን ያወጣላት የፒኒንፋሪና ቤት ነው። የሞተሯ ነዳፊ አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ደግሞ ወደ ፊያት ከመምጣቱ በፊት ለፌራሪ ሞተር ይነድፍ የነበረ ሰው ነው። የአጎቴ ከመጀመሪያዎቹ፣ ከባለ 1438 ሲሲዎቹ አንዷ ነበረች። 90 የፈረስ ጉልበት ዛሬ ቢነገር ያስቃል። ግን በአራቱም እግሯ ዲስክ ፍሬን፣ ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ ይዛ፣ ሰይቼንቶ ታክሲዎች በሚርመሰመሱበት ከተማ ውስጥ ስታልፍ የነበራትን ግርማ ያየ ያውቀዋል። አጎቴ የገዛት አገር ለቆ ከሚሄድ ጣሊያናዊ ነው። በደርግ ጊዜ ክፍት ስፖርት መኪና ይዞ መታየት ዓይን ውስጥ ስለሚያስገባ ጓሮ ተሸፍና ከረመች።

ያን ሁሉ ያለፈች መኪና ናት እንግዲህ አንድ ቀን የቸርችል ጎዳናን ቁልቁለት ስትወርድ፣ ከፊቷ ከነበረው ሚኒባስ ውስጥ «ወራጅ አለ!» የተባለው። ሚኒባሱ ባለበት ቀጥ አለ። አጎቴ ፍሬን ያዘ፤ መንገዱ ግን ካፊያ ነክቶት ነበር።

በማግሥቱ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ባትላሜራ መጡ። ሙያውን ከጣሊያኖች እጅ የተማሩ ናቸው። ቡና ይቅረቡ ቢባሉ እንቢ አሉ። ምንም ሳይናገሩ መዳፋቸውን ከበሩ ጀምረው እስከ ተሰበረው መብራት ድረስ በላሜራው ላይ ቀስ እያሉ አሳለፉት፤ ዓይናቸው ሌላ ቦታ ነው፣ የሚያየው እጃቸው ነው። ከዚያ ከኪሳቸው ሲባጎ አወጡና ኮፈኑን አስከፍተው ከአንዱ ጥግ ወደ ማዶኛው ጥግ በሰያፍ ለኩ፤ በሌላኛውም ሰያፍ ደገሙት። ሁለቱ ልኮች አልተገናኙም። ልዩነቱ የአንድ ጣት ውፍረት አይሞላም።

«ልጄ፣ ይቺ ሻንሲ የላትም» አሉት አጎቴን። «አካሏ ራሱ ነው ሻንሲዋ። ጣራም የላት። ሳትታሰር ከተቆረጠች ወገቧ ይወርዳል።»

ሊሠሩት ያሰቡትንም ነገሩን። በመጀመሪያ የሁለቱን በሮች ክፍት ቦታ በብረት ዘንግ ይወጥራሉ። ቀጥሎ የተገፋውን አፍንጫዋን በመጣበት አቅጣጫ መልሰው፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት፣ ሁለቱ ሰያፎች እኩል እስኪሆኑ ይስባሉ። ፓራፋንጎው በቡሎን የታሰረ ሳይሆን የተበየደ ስለሆነ አይነቀልም፤ እዚያው እንዳለ ከሥሩ ብረት ደግፈው ከላይ በመዶሻ ያወጡታል። ላሜራው ተለጥጦ የተረፈ ከሆነ ደግሞ የሳንቲም ያህል ቦታ በእሳት አቅልተው ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ ሲነኩት ይሰበሰባል። ስቱኮ የሚባል ነገር አይነካትም። የጠየቁት ዋጋ ኋላ ከከፈልነው ያንስ ነበር። ይህን ሳስብ ነው ደሜ የሚፈላው። የፈለጉት ሦስት ወር ብቻ ነው።

ሦስት ወር ግን አልነበረንም፤ ወይም የለንም አልን። ጥር ሊገባ ነው፣ የአጎቴ የበኩር ልጅ ሊዳር ነው፣ ስፓይደሯም የሙሽራ መኪና ትሆናለች ተብሎ ለዘመድ ተወርቷል። ቤተሰቡ በሙሉ፣ አክስቶቼ ሳይቀሩ፣ «እኚህ ሽማግሌ ሥራ ሊያራዝሙ ነው» ብለው ፈረዱ። አንድ ጋራዥ በ15 ቀን አስረክባለሁ አለ። ሽማግሌው ለበሮቹ መወጠሪያ የሚሆነውን ዘንግ ለክተው ቆርጠው ነበር፤ አይምጡ የሚል መልእክት ተላከባቸው።

ጋራዡ እንዳለው በ15 ቀን አስረከበ። የታጠፈውን ፓራፋንጎ በጋዝ ቆርጠው ጣሉት፤ በሮቹን ማንም አልወጠረም፣ ሰያፍ የለካም የለም። ከሶማሌ ተራ የተገኘ የሌላ ፊያት ላሜራ ቀጥቅጠው በየዱበት፤ አልገጥም ያለውን ቦታ ሁሉ በስቱኮ ሞሉት። ኋላ ማግኔት ብናስጠጋበት ከበሩ እስከ መብራቱ የሚይዝበት ቦታ አጣ። ቀለሙ ግን ያብረቀርቅ ነበር፤ ፊትን ያሳያል። እልል ተባለ።

ሰርጉ ደረሰ። ሙሽራዋ ክፍቷን መኪና አየችና «ቬሎዬን ንፋስ ያበላሽብኛል» ብላ መርሰዲሱ ውስጥ ገባች። ስፓይደሯ ላይ የወጣው ቪዲዮ ቀራጩ ነው። ከቦሌ እስከ አራት ኪሎ ቆሞ ሲቀርጽባት ዋለ። ካሴቱ ዛሬም አለ፤ መርሰዲሱ ይታያል፣ አጃቢው ይታያል፣ የሚያጨበጭበው እግረኛ ይታያል። እሷ ካሜራውን ተሸክማ ስለነበር አንድም ቦታ ላይ አትታይም።

ክረምቱ ሲመጣ ስቱኮው ውኃ ጠጥቶ አበጠ፣ ከዚያ ተሰነጣጠቀ። የግራው በር ከፍ ካላደረጉት አልዘጋ አለ፤ ወገቧ ወርዷል። መሪው ወደ ግራ ይጎትታል፤ የፊት ጎማው በውስጥ በኩል ብቻ ይበላል። አጎቴ ጎማ ቀየረ፣ ሾክ አብዞርበር ቀየረ፣ አላይመንት አሠራ፤ የተጣመመውን አካል ትቶ እግሯን ሲያክም ከረመ። በመጨረሻ ወደ ሽማግሌው ሰው ላከ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሽማግሌው ዓይናቸው ደክሞ ሥራ አቁመው ነበር፤ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ከእጃቸው ሥር ተቀምጦ ያቺን በእሳትና በእርጥብ ጨርቅ ላሜራ የመሰብሰብ ጥበብ የወሰደ ልጅ ስለመኖሩ ጠይቀን ነበር። አንድ ረዳት ነበራቸው፤ እሱም ስቱኮ ይሻላል ብሎ ሌላ ጋራዥ ገብቷል። ምን ያድርግ? እንደ እኛ ያለ ደንበኛ ነው የበዛው።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ሞተሯን አንድ የፊያት 125 ባለቤት ወሰደው። ካምቢዮዋና ቸርኬዎቿ ሶማሌ ተራ ወረዱ። የተረፈው ላሜራ በኪሎ ተሸጠ፤ ሚዛኑ ላይ የስቱኮው ክብደት ይቀነስ አይቀነስ በሚል ክርክር ተነሥቶ እንደነበር አስታውሳለሁ።

ሙሽራው ዛሬ ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው። እስከ እ.ኤ.አ. 1985 ድረስ ከተሠሩት ወደ 200 ሺህ የሚጠጉ ስፓይደሮች አብዛኞቹ የተሸጡት አሜሪካ ነውና ልጁ በየመንገዱ ባየ ቁጥር ፎቶ አንሥቶ ለአባቱ ይልካል። አጎቴ ፎቶውን በሁለት ጣቱ አስፍቶ የሚያየው ሌላ ነገር አይደለም፤ በበሩና በፓራፋንጎው መካከል ያለችውን ክፍተት ነው፣ ከላይ እስከ ታች እኩል መሆኗን። በቀደም አንዷን «ግዛልኝና ላካት» አለው። ልጁ ሳቀ። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር ቤት ማስገባት እንደተከለከለ፣ የሚገባው የኤሌክትሪኩ ብቻ እንደሆነ ነገረው።

«እሺ» አለ አጎቴ፣ «እንግዲያው የግራውን ፓራፋንጎ ብቻ ላክልኝ።»

በምኗ ላይ ሊያስበይደው?