ፓይለቱ ስልኩን ሲያጠፋ

በእኛ ሰፈር «ስታድግ ምን መሆን ትፈልጋለህ?» ሲባል «ዶክተር» ወይም «ፓይለት» ያላለ ልጅ አልነበረም። ሌላ መልስ እንዳለም አናውቅም ነበር። ከዚያ ሁሉ ፓይለት የተሳካለት አንድ ጓደኛችን ብቻ ነው። የቀረነው አስተማሪ፣ ነጋዴና የባንክ ሠራተኛ ሆነን መሬት ላይ ቀርተናል።

ያኔ ስለ ሥራው የምናውቀው ነጩን ሸሚዝ፣ ትከሻው ላይ ያሉትን መስመሮችና እየተንከባለለች የምትከተለውን ቦርሳ ነበር። እናቱ ቡና ላይ «ልጄ ዛሬ ፍራንክፈርት ነው ያደረው» ሲሉ ጎረቤቱ ሁሉ ጸጥ ይላል። እኛም ሽቶና ቸኮላት እናስመጣዋለን። ክብር ማለት ይሄ መስሎን ነበር።

ቀስ በቀስ ግን አናደደን። ሰርግ ላይ የለም፤ ለገና የለም። ቢመጣም «ነገ በረራ አለኝ» ብሎ ለስላሳውን ይዞ ይቀመጥና ገና በጊዜ ይሰናበታል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ስልኩ ነው! ሌሊት በርሮ ሲገባ አጥፍቶት ይተኛል። «ካፒቴን ሆኖ ኮራብን» ብለን አማነው። ያኔ እንኳ ገና ረዳት አብራሪ ነበር፤ ሐሜት ግን ማዕረግ አይጠይቅም።

አንድ ቀን አስቀምጦ አስረዳን። እኛ ትምህርት ጨርሰን ከፈተና ተገላግለናል፤ እሱ ግን ጡረታ እስኪወጣ ተፈታኝ ነው። በየስድስት ወሩ ሲሙሌተር ውስጥ ይገባል፤ ገና ሲነሳ ሞተር ይጠፋበታል፣ ፈታኙም ከኋላው ሆኖ ይጽፋል። በየዓመቱ ሐኪም ዓይኑን፣ ጆሮውንና ልቡን ይመረምራል፤ አንዲት መጥፎ ውጤት ከሥራው ልታስወጣው ትችላለች። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላኑ ለመነሳት ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል፤ ክብደትና ሙቀት ሳይሰላ አይነሳም። ምግብ እንኳ በብዙ አየር መንገዶች ሁለቱ አብራሪዎች የተለያየ ነው የሚበሉት፤ ምግቡ ቢበላሽ አንዳቸው ጤነኛ ሆነው እንዲቀሩ። ከአንድ ትሪ ተጎራርሰን ላደግነው ይሄ ራሱ ቅጣት ነው።

ሰማነው። ግን አልዋጠልንም።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ጠዋት 2 ሰዓት ከ38 ላይ ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሳው የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን ከስድስት ደቂቃ በኋላ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። 157 ሰዎች አለቁ። ወሬውን ስንሰማ ደወልንለት። ዝግ ነው። ደግመን ደወልን። ዝግ ነው። እናቱ ጋ ለመደወል ከመካከላችን የደፈረ አልነበረም።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ራሱ ደወለ። ሌሊቱን ሲበር አድሮ ተኝቶ ነበር። «ምን ሆናችሁ? ሃያ ጊዜ ነው የደወላችሁት» አለን። የነገርነው እኛ ነን። ለረጅም ጊዜ አልተናገረም።

ዋና አብራሪው ያሬድ ጌታቸው 29፣ ረዳቱ አሕመድኑር መሐመድ 25 ዓመታቸው ነበር። ባሕር ማዶ ሥልጠናቸውንና ልምዳቸውን የጠየቁ አልጠፉም። በኋላ ግን የተሳሳተ የሴንሰር መረጃ ተቀብሎ አፍንጫዋን ደጋግሞ ወደ ታች የሚደፍቃት የአውሮፕላኗ ሥርዓት መሆኑ ታወቀ፤ ቦይንግም በ2014 ዓ.ም. በአሜሪካ ፍርድ ቤት ለአደጋው ኃላፊነቱን ተቀበለ። ለእነሱ ግን መሽቷል።

ጓደኛችን በዚያው ሳምንት ወደ ሥራው ተመለሰ። «አትፈራም?» አልነው። «ፍርሃት ሲመጣ ቼክሊስቱን አነባለሁ» አለን። ነጭ ሸሚዙን ሲተኩስ ዝም ብለን አየነው።

ዛሬ አራተኛዋን መስመር ጨምሯል። አሁንም ሰርግ ላይ የለም። ስልኩ ዝግ ሲሆን አሁንም ትንሽ እንደነግጣለን፤ ከዚያ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን «ተዉት፣ ይተኛበት» እንባባላለን።